ጥያቄና መልስ፦ መርፌው ቀጭን ነው፣ ሳንባም ሩቅ አይደለም

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ፊዚዮቴራፒስቶች የተቋጠረ ጡንቻ ላይ ስለሚሰኩት መርፌ። «ደረቅ መርፌ» የሚሉት መድኃኒት ስለማይወጋበት ነው።

«ትከሻዬን ተወግቼ በማግስቱ በለዘ። ልፍራ?» (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

አብሽሪ። ትንሽ የደም ሥር ተነክቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የአየርላንድ ጥናት 39 ፊዚዮቴራፒስቶች 7,629 ሕክምናዎችን መዝግበው ነበር። ከመቶው በሰባት ወይም በስምንቱ ቆዳው በልዟል፣ በአምስት ገደማው ደምቷል። ከባድ ጉዳት ግን አልገጠማቸውም። እኔም ማጅራቴን ተወግቼ አውቃለሁ። መርፌው ሲገባ ጡንቻዬ በራሱ ጊዜ እመር አለ። በማግስቱ አንገቴ አልዞር ብሎ፣ ሰው ሲጠራኝ ከነወገቤ ነበር የምዞረው። ሁለት ቀን አልፈጀም።

«ሹፌር ነኝ። ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ትከሻዬንና ጀርባዬን ተወጋሁ። ማታ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ቀኝ ጎኔንም ወጋኝ። ከፍታው ነው ይሉኛል።»

ለአንተ ደውዬ «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ» ብዬሃለሁ። እዚህ የምጽፈው ለሌላው ነው። በየቀኑ ሐረጎን የሚወጣና የሚወርድ ሹፌር ድንገት ከፍታ አይጥለውም። መርፌው በጎድን አጥንቶች መሃል አልፎ ሳንባን ከነካ፣ አየር እያፈተለከ በሳንባና በደረት ግድግዳ መሃል ይጠራቀማል። ሳንባው ይኮማተራል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ክፋቱ ግን ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ መቻሉ ነው። ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ እራት በልቶ፣ «ብርድ መታኝ» ብሎ ጋቢ ተከናንቦ ይተኛል። አንድ ጎን ሲወጋ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደረቅ ሳል ሲነሳ ድንገተኛ ክፍል ነው። «እዚህ ጋ መርፌ ተወግቻለሁ» ብላችሁ በጣታችሁ አሳዩ፤ ካልነገራችሁት ሐኪሙ ከየት ያውቃል? የደረት ራጅ ይነሳል። ትንሽ ከሆነ በክትትል ብቻ ሊድን ይችላል፤ ከበዛ አየሩ በቱቦ ይወጣል። ሐኪም ሳይፈቅድ አውሮፕላን አትሳፈሩ።

«ከዋገምት በምን ይለያል?»

ዋገምት ቆዳ በጥቶ ደም ይስባል። ይሄ ደም አይፈልግም። በንጽሕና በኩል ግን ለሁለቱም ያው ነው፦ በሌላ ሰው ደም የተነካ ስለት ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል። እሽጉ ፊታችሁ ይቀደድ። ተጠቅሞ ትሪ ላይ ያስቀመጠውን መርፌ ሊደግምላችሁ ካነሳ፣ ጫማችሁን አጥልቃችሁ ውጡ።

«ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን እወስዳለሁ።»

መጀመሪያ መድኃኒቱን ያዘዘልህን ሐኪም አማክር። ነፍሰ ጡሮችም ሳትናገሩ አትወጉ።

«ረመዳን ላይ እየጾምኩ ብወጋስ?»

ጾሙ ይፈርሳል አይፈርስም የሚለውን ለሼኩ ትቻለሁ። የእኔ ስጋት ሌላ ነው፦ መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች አሉ፣ ባዶ ሆድ ደግሞ ያባብሰዋል። ተቀምጠሽ ሳይሆን ተኝተሽ ተወጊ። ካልቸኮልሽ ደግሞ ቀጠሮውን ከኢድ በኋላ አድርጊው።