«ቁስል ማሳደጊያ» ይባላል እንዴ?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ነርስ ነኝ። ስኳር ላለባቸው ሰዎች ስለ እግር ቁስል የምታስረዳ ወረቀት በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «ግሮውዝ ፋክተር» የሚለውን «ቁስል ማሳደጊያ ፕሮቲን» ብዬ ጻፍኩት። ለአንዲት እናት ባነብላቸው «ኧረ ልጄ፣ እኔ እንዲሽርልኝ እንጂ እንዲያድግብኝ መች ፈለግሁ?» አሉኝ። ምን ልበለው? ደግሞስ የእኛ የወሎዎች «አብሽር» ከ«መሻር» የመጣ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትዬዋ ልክ ናቸው። ቁስል አደገ ከተባለ ሰፋ ማለት ነው። «ማሳደጊያ»ም ሌላ ጣጣ አለው፤ ሰው ሲሰማው ቶሎ ትዝ የሚለው የሕፃናት ማሳደጊያ ነው።

እነዚህ ፕሮቲኖች የሚያበዙት ቁስሉን የሚሞሉትን ህዋሳት ነው። ስንቆረጥ ደማችንን የሚያረጉት ፕላትሌቶች እዚያው ይለቋቸዋል። ህዋሳቱ ጥሪውን ሰምተው ይመጣሉ፣ ይባዛሉ፣ ጉድጓዱ ሥጋ ይሞላል። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ በላቦራቶሪ ተሠርቶ፣ በሚቀባ ጄል መልክ፣ ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ለባለሙያ ከሆነ «ህዋስ አባዢ ፕሮቲን» ይበሉ። ለታማሚ ግን «ቁስሉ ቶሎ እንዲሽር የሚረዳ ፕሮቲን» ይበቃል። «የእድገት ምክንያት» የሚል ትርጉም ካጋጠመዎት ይለፉት።

«የእድገት ሆርሞን» ግን ሌላ ነው፤ እሱ እውነትም ልጅ ያሳድጋል። ከአንጎል ግርጌ ካለች አተር የምታክል እጢ ይመነጭና በደም መላ ሰውነትን ያዳርሳል። «ሆርሞን»ን እንዳለ ይተዉት፤ ለምዷል። «እጢ» ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ሐኪም አካል ማለቱ ነው፣ ታማሚ የሚሰማው ዕባጭ ነው።

አማርኛ በቁስል ነገር ድሃ አይደለም። ላዩ ደርቆ አፉ ሲገጥም ጠገገ እንላለን። ጨርሶ ሲድን ሻረ። መግል ሲይዝ መገለ። ሻረ ሲባል ተመልሶ ሲብስ አመረቀዘ፤ ስኳር ላለበት እግር ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም። «አገገመ» የሰው ነው፣ ለቁስል አይሆንም። በወረቀትዎ ላይ «ቁስሉ ካገገመ በኋላ» የሚል ካለ «ከሻረ በኋላ» ብለው ይቀይሩት። ሹመት መሻርም አለ፣ ግን ስለ እግር እየተወራ ማንም አያምታታውም።

«አብሽር»ስ? ከመሻር ጋር ዝምድና የለውም። ዐረብኛ ነው፤ መልካም ዜና አለህ፣ ደስ ይበልህ እንደማለት። በወሎ ጓዳ ውሎ አድሮ «አይዞህ» ሆነ፣ ለሴትም «አብሽሪ» ተባለ። ሥሩ ከግዕዙ «ብሥራት» ጋር አንድ ነው፤ ሰፈራችሁ ውስጥ ቡሽራ የሚባል ሰው ካለ እሱም የዚያው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ለታማሚው «አብሽር፣ ይሽራል» ቢሉት ሁለት የማይዛመዱ ቃላት ነው ያስከተሉት። ለጆሮ ግን እንዴት ያምራል!