ሱፐርቫይዘር ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ዱባይ ሆቴል ውስጥ በስቲዋርድነት ልገባ ነው፤ ሱፐርቫይዘር ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጅብኛል?» አለኝ። ስቲዋርድ ማለት የሆቴል ወጥ ቤቱን ዕቃ የሚያጥብና የሚያጸዳ ሠራተኛ ነው። መልስ ሳልሰጠው ሌላ ልጅ ትዝ አለኝና ሌሊቱን ሲቆጨኝ አደረ።

የደሴ ልጅ ነበር። እኔ የስቲዋርዲንግ ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ እሱ የማታ ሺፍት ይሠራል። ጊዜው ረመዳን ነው። የኢፍጣር ቡፌ ሲነሳ የሚመጣውን ዕቃ ያላየ ሰው አይገባውም። ሰሃኑ፣ ብርጭቆው፣ ትሪው በጋሪ እየተጫነ ይጎርፋል። ማሽኑ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ 82 ዲግሪ ድረስ ስለሚያሞቀው ክፍሉ በእንፋሎት ይታፈናል። ልጁ ግን ሰሃኑን ጨርሶ፣ ማንም ሳያዘው ኦቨን ሊያጸዳ ይገባል።

የኦቨን ማጽጃ ክፉ ኬሚካል ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል እንጂ። ሰው የሚዘናጋው ለዚህ ነው። የልጁ ጓንት አውራ ጣቱ ጋ ተቀዶ ኖሮ ፈሳሹ ገብቶ ቆየበት። ለማንም ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ ሁለት ጓንት ደርቦ ሥራ ገባ። ዕቃ ክፍል ሊያወልቅ ሲታገል ደረስኩበት። የአውራ ጣቱ ሥር ነጭ ሆኖ ተልጧል፣ ጓንቱ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ጋሼ፣ የደላላ ዕዳ አለብኝ። ታመመ ብለው ቢመልሱኝስ?»

ክሊኒክ ወሰድኩት። ቁስሉ ዳነ፤ ልቡ ግን ወደ ሥራው አልተመለሰም። ኮንትራቱን ሲጨርስ አገሩ ገባ። እንደሱ ያለ ሠራተኛ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰዓት አክብር፣ ትጉህ ሁን እያልኩ አላደክምህም፤ ያንንማ ታውቀዋለህ። የምለምንህ ጉዳትህን እንዳትደብቅ ነው። ኬሚካል ከነካህ ሥራውን ጣለውና ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ ታጠብ፣ ከዚያ ለአለቃህ ንገር። ክሎሪን ያለበትን ማጽጃ ደግሞ ማሽን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ከሚያስለቅቀው አሲድ ጋር በጭራሽ አትቀላቅል። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ዩኒፎርም ለብሳችሁ ቲክቶክ ላይ በለጠፋችሁ ማግስት ማዕረግ ትጠብቃላችሁ። እኛ የሠርግ ግብዣ ያለ ዕለት ሹካና ማንኪያ ስንወለውል ይነጋብን ነበር። አለቃችን አንዲት የጣት አሻራ ካየ ሳጥኑን ሙሉ ይመልሰዋል። ያኔ እናደድ ነበር፤ አሁን አመሰግነዋለሁ። ግን እናንተ የምትበልጡን ነገር አለ፤ ትጠይቃላችሁ። እኛ አፋችንን ይዘን ነው የኖርነው።

ዓመቱ እንደ ሆቴሉም እንደ ሰዉም ይለያያል። አትቸኩል ብልህም፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምረህ የዕቃ ቆጠራውንና የሺፍት አወጣጡን አሳዩኝ በል። ሱፐርቫይዘር የሚሆነው ቶሎ የሚያጥበው ሰው አይደለም፤ ለነገ ማታው ግብዣ ስንት ሰሃን እንደሚጎድል ዛሬ የሚያውቀው ነው።

ለደላላ ብለህ ግን አትበደር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኤምሬትስ የሥራ ሕግ፣ ቁጥር 33፣ አሠሪ የቅጥር ወጪን ከሠራተኛ እንዳይሰበስብ ይከለክላል። ፓስፖርትህንም መያዝ አይችልም። ኮንትራቱን አንብበህ ፈርም፤ አንድ ቅጂ ቤተሰብህ ጋ ይቀመጥ።