ነፃ የተባለው ስልክ እና ሌሎች ጥያቄዎች

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች አሜሪካ ካሉ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«የቡድን ክስ ካሳ ደርሶሃል፣ ለማስኬጃ 15 ዶላር ላክ» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ልላክ?

እንዳትልክ። ካሳ ለመቀበል አይከፈልም።

«1 ቴራባይት» ብዬ የገዛሁት ሃርድ ዲስክ ኮምፒውተሬ ላይ 931 ጊጋባይት ይላል። ልከሳቸው ነው!

ይረጋጉ። አምራቹ በ1,000 ያባዛል፣ ዊንዶውስ በ1,024። ሃርድ ዲስክ አምራቹ ሲጌት በዚሁ ተከሶ በ2007 ለገዢዎች 5 በመቶ ሊመልስ ተስማምቶ ነበር። ዛሬ አቆጣጠሩን ካርቶኑ ላይ በደቃቁ ይጽፉታል። አርፍደዋል።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ስልኩ «ነፃ» ተብዬ ታክስ አስከፈሉኝ። የሥራ ባልደረቦቼም እንደዚሁ ሆነዋል። ተሰብስበን ብንከስስ?

እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ደሜን ያፈላዋል። ልክ እንደ እርስዎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባልና ሚስት «ነፃ» በተባለ ስልክ 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም ታክስ ተጠየቁ። ሌሎቹንም ደንበኞች ወክለው ከሰሱ። የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ግን «ውሉ ክርክር በግልግል፣ ማለትም ከፍርድ ቤት ውጪ በገላጋይ ዳኛ፣ ይፈታ ይላል፣ ያውም አንድ በአንድ» አለ። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን አንቀጽ ይሽሩት ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ይህ ከ1925ቱ የፌዴራል የግልግል ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ ለኩባንያው ፈረደ።

ለ30 ዶላር ብቻውን ጠበቃ የሚያቆም ማነው? ኩባንያዎቹም ይህን አይስቱትም። ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ «4 ጊጋባይት» ብሎ የሸጠው የግራፊክስ ካርድ የመጨረሻዋ ግማሽ ጊጋባይት ቀርፋፋ ሆና ስትገኝ፣ ገዢዎቹ በቡድን ከሰውት በ2016 ለእያንዳንዱ ካርድ 30 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ያስከፈለው የገዢዎቹ ብዛት ነው። «እስማማለሁ» የሚለውን ስንጫን ይህንን ብዛት ነው የምናስረክበው።

አሁን ውልዎን ያውጡ። አንዳንዱ ውል ከግልግሉ አንቀጽ በጽሑፍ ለመውጣት የተወሰኑ ቀናት፣ ብዙ ጊዜ 30፣ ይሰጣል። ካላለፈብዎ ዛሬውኑ ይጻፉ። ካለፈም ብዙዎቹ ውሎች ስሞል ክሌይምስን፣ ማለትም አነስተኛ ገንዘብ የሚጠየቅበትን ችሎት፣ አይከለክሉም፤ ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር ድረስ ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል። ለግዛቱ አቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል ማመልከትም ነፃ ነው፤ ይኼኛው የእውነት ነፃ! ከዚያ ሁላችሁም ውላችሁን ይዛችሁ የሸማቾች ጠበቃ ጋ ሂዱ። ለወጉ ያህል የምለው አይደለም፤ የአንቀጹ አጻጻፍ ከውል ውል ስለሚለያይ ነው።

ለአንድ የካሳ ፎርም ደረሰኝ የለኝም። ወንድሜ «አንድ ከገዛህ ሦስት በል» ይለኛል።

አንድ ከገዛህ አንድ በል። ፎርሙ ላይ የምትፈርመው በሐሰት መማል ወንጀል መሆኑን አውቀህ ነው። ወንድምህን ጠበቃ ጠይቅ በለው።