ራስ ፍልጠት ሳይነሣ የሚሰጠው ምልክት

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ራሴን በአንድ ወገን ይፈልጠኛል፣ ያስታውከኛል፣ ብርሃን ማየትም አልችልም። በዋዜማው ደጋግሞ ያዛጋኛል፣ አንገቴንም ጨምድዶ ይይዘኛል። አንዳንዴ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ በፊደሉ መሐል የሚብለጨለጭ ጥርሳም መስመር ይታየኛል። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ትቀባኛለች። በጾም ወራት ይብስብኛል። አስቀድሜ ልከላከለው እችላለሁን?

መልስ፦ የገለጹት ሁሉ ማይግሬን ከምንለው ሕመም ጋር ይስማማል። ማዛጋቱና የአንገትዎ መጨምደድ ሕመሙ መጀመሩን የሚያሳዩ ናቸው፤ ማይግሬን ራስ ከመፍለጡ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከሁለት ቀን በፊት በአንጎል ውስጥ ይጀምራልና። መነጫነጭ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣትና ጣፋጭ ማማርም ከዚሁ ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ብዙዎች «ጣፋጩ ቀሰቀሰብኝ» የሚሉት፣ አምሮቱ ራሱ የሕመሙ ምልክት ሆኖ ሊሆን ይችላል። ጥርሳሙ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል፤ እርሱን የሚያዩ ሴቶች ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን ቢወስዱ በአንጎል ደም ዝውውር መታወክ የመጠቃት አደጋቸው ስለሚጨምር፣ ይህን ለሐኪምዎ ሳይነግሩ አይቅሩ።

ስለ ጾሙ የጠየቁት እጅግ ተገቢ ነው። እስከ 9 ሰዓት ሲቆዩ ረኃቡ፣ የውኃ ጥሙና የለመዱት የጠዋት ቡና መቅረት በአንድ ቀን ይደራረባሉ፤ በዚያ ላይ በማኅሌት ያደሩበት ሌሊት ወይም የወር አበባ ሲጨመር አንጎል አይችለውም። ጾሙን ይተዉ አልልም። ሁዳዴ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ቡናውን ቀስ በቀስ ይቀንሱ፣ ማታ ውኃ በደንብ ይጠጡ፣ የመኝታ ሰዓትዎን አያዛቡ፤ ሕመሙ ከበረታ ግን ለንስሐ አባትዎ ያስረዱ።

ራስዎን መፍለጥ እንደጀመረ ፓራሲታሞል ወይም፣ ጨጓራና እርግዝና ከሌለ፣ አይቡፕሮፌን ይውሰዱ። ከዘገዩ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያቀዘቅዝ ክኒኑ በቶሎ ወደ ደም አይገባም፤ የዳማከሴውን እንክብካቤ ባልነቅፍም ክኒኑን እንዲያዘገይ አልፈልግም። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ መውሰድ ካስፈለገዎ ግን መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ስለሚያስከትል፣ የሚከላከል መድኃኒት እንዲታዘዝልዎ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

በድንገት የመጣ ከቀድሞው ሁሉ የከፋ ሕመም፣ ትኩሳት ያለበት የአንገት መገተር፣ የአንድ ወገን መድከም ወይም የአንደበት መያዝ ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይድረሱ።