ከጥልቅ ባሕር ጭቃ ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ከሰዓት እዚህ ነኝ። ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ኖርዌይ ነው። ከቀዝቃዛና ከጥልቅ ባሕር የሚመጣ ጭቃ አጥባለሁ፤ ውስጡ ያሉትን አከርካሪ አልባ እንስሳት በየዓይነታቸው እለያለሁ። ነፍሴ ያለችው የባሕር ኪያር ላይ ነው፤ ስሙ ኪያር ይሁን እንጂ አትክልት አይደለም፣ ወፍራም ትል የሚመስል እንስሳ ነው። ስለ ሻርክና ስለ ዓሣ ነባሪ የምትጠይቁ ሌላ ሰው ፈልጉ። ፎቶ ብቻ ልካችሁ «ይሄ ምንድን ነው?» እንዳትሉኝ። በሉ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባሕር ስንት ሜትር ሲወርድ ነው «ጥልቅ» የሚባለው?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም። አብዛኛው ሰው ከ200 ሜትር በታች ያለውን ነው ጥልቅ የሚለው።

ጥያቄ፦ ብርሃን የለም፣ ብርዱ ከባድ ነው፣ ግፊቱም አይጣል ነው። እውነት እዚያ ታች ይሄን ያህል እንስሳ አለ? ወይስ እያጋነናችሁ ነው?

መልስ፦ የተጠራጠርከው አንተ ብቻ አይደለህም። በ1843 ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ የብሪታንያ ተመራማሪ ከኤጂያን ባሕር ባወጣው ናሙና ተነስቶ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት የለም አለ። በወረደ ቁጥር የሚያገኘው እያነሰ ሄደበት። እሱም ሂሳቡን ወደታች ቀጠለና ዜሮ ላይ ደረሰ። ባሕሩ ራሱ በምግብ ድሃ ነው። የሚጎትተው ከረጢትም ቶሎ በጭቃ ይሞላ ነበር።

ከዚያ በ1860ዎቹ እዚሁ ኖርዌይ፣ ሎፎተን አካባቢ፣ ሳርስ የተባሉ አባትና ልጅ ከዚያው ጥልቀት ግንድ ያላት አበባ የምትመስል እንስሳ አወጡ። የኮከብ ዓሣ ዘመድ ናት። እንደሷ ያሉት ድንጋይ ሆነው የቀሩ ጥንታውያን ብቻ ይመስሉ ነበር። ቀጥሎ ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞረች። ውጤቱ 50 ጥራዝ ሆኖ ታተመ፤ ወደ 4,700 የሚጠጋ አዲስ ዝርያ ተገኘ። በዚህም አላበቃም። በ1960ዎቹ ሳንደርስና ሄስለር የተባሉ አሜሪካውያን ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ በሸርተቴ ላይ አስረው ወለሉን ጎተቱ። ባዶ የተባለው ጭቃ ትልና ጥቃቅን ቅርፊታም ፍጥረት ሞልቶበት ተገኘ።

እኔ የምለው ይሄው ነው፤ የምታገኘው በወንፊትህ ልክ ነው። በአንታርክቲካ የዌዴል ባሕር አካባቢ ከ2002 እስከ 2005 በተደረገው ጉዞ አይሶፖድ ከሚባሉት ብቻ 674 ዝርያ ተለየ። አይሶፖድ ድንጋይ ሲገለበጥ ከሥሩ የሚሮጠው ባለብዙ እግር ነገር የባሕር ዘመድ ነው። ከ674ቱ 585ቱ ለሳይንስ አዲስ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ይሄ ምንድን ነው? (ደብዛዛ ፎቶ፤ ሳህን ላይ ነጭ ነገር)

መልስ፦ ሳህን ነው። የት ተገኘ? በስንት ሜትር? መቼ? ስንት ሳንቲሜትር ነው?

ጥያቄ፦ ናሙና የሚቀመጠው በፎርማሊን ነው በአልኮል?

መልስ፦ ተባረክ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ፎርማሊን ቅርጽ ይጠብቃል፤ ዲኤንኤውን ግን ይጎዳል። 96 በመቶ አልኮል ዲኤንኤውን ያቆያል፤ ሥጋውን ግን ያኮማትረዋል። ስለዚህ ናሙናው ከበዛ ተከፍሎ በሁለቱም ይቀመጣል። የባሕር ኪያር ከሆነ ግን ፎርማሊን ውስጥ እንዳትረሱት። ፎርማሊን ሲቆይ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ቆዳው ውስጥ ያሉትን የኖራ ቅንጣቶች ይበላቸዋል። ቅንጣቶቹ ከጠፉ ስሙም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ለምን? ከ2,000 ሜትር የወጣ የባሕር ኪያር ባያችሁ። መርከቡ ላይ ሲደርስ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ቀለሙ ይለቃል፣ እግሮቹ ይቆረጣሉ። በመልኩ ማንም አይለየውም። እኔ የማደርገው ምን መሰላችሁ? ምስር የምታክል ቆዳ በወረንጦ አንስቼ መስታወት ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ጠብታ በረኪና አደርግበታለሁ። አዎ፣ ልብስ የሚነጣበት በረኪና። አረፋ ይላል፣ ሥጋው ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ትንሽ ቆይቶ ቆዳ የሚባል ነገር የለም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቅንጣቶቹ ቀርተዋል። አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ ይመስላል። አንዱ ባለ አራት እግር ጠረጴዛ፣ ሌላው መልህቅ። በአርክቲክ ባሕር ሚሪዮትሮኩስ ሪንኪ የምትባል አለች፤ የሷ ቅንጣት ልክ የብስክሌት ጎማ ነው፣ ራጂው ሳይቀር። በጎማው ጠርዝ ዙሪያ ወደ ውስጥ የዞሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሻዬ ቀዘቀዘ። በረኪናውን በንጹሕ ውኃ ማጠብ እንዳትረሱ፤ አለዚያ ሲደርቅ የራሱን ጠጠር ይሠራና አዲስ ዝርያ ያገኛችሁ ይመስላችኋል።

መለያ ወረቀቱ ደግሞ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ። በእርሳስ ይጻፍ። በእስክሪብቶ አይደለም። በእርሳስ! አንድ ጊዜ ሥራ እንደጀመርኩ ያማረ ጽሑፍ ይሁን ብዬ በቀለም ብዕር ጻፍኩ። አልኮሉ ቀለሙን አጠበው። በሳምንቱ የአንድ ሙሉ ሣጥን ብልቃጥ መለያ ነጭ ወረቀት ሆኖ ጠበቀኝ። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ እንስሳት ለሳይንስ ምንም አይደሉም። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጥያቄ፦ አልኮል ካልተገኘ ዳግም አረቄ ይሆናል? ለቀልድ አይደለም።

መልስ፦ እኔም ለቀልድ አልመልስም። በ1977 ከጋላፓጎስ አጠገብ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል የሚፈልቅ ሙቅ ውኃ ተገኘ። ዙሪያው በእንስሳት ተሞልቶ ነበር። በመርከቧ ላይ የነበሩት የድንጋይ ሊቃውንት ናቸው፤ አንድም የእንስሳት ተመራማሪ አልነበረም። ፎርማሊን በቂ ስላልያዙ የተወሰነውን ናሙና ቮድካ ውስጥ ነከሩት። ከነጭራሹ ከመበስበስ ይሻላል። አረቄም እንደዚያው ነው፣ ቢበዛ ግማሹ ነው አልኮል። ለዲኤንኤ አይበቃም። መለያውን ግን በእርሳስ።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤ ካለ ቅንጣት መቁጠሩ ለምን አስፈለገ? ጊዜው ያለፈበት አይደለም?

ሌላ አባል፦ በትክክል። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ በሁለት ቀን እንለያለን።

ሌላ አባል፦ ከምን ጋር አነጻጽራችሁ? ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ስም ራሱ የተሳሳተ ከሆነስ?

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ማሽኑ አይሳሳትም።

መልስ፦ ማሽኑ አይሳሳትም፤ ስሙን ያስገባው ሰው ነው የሚሳሳተው። አትጣሉ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በአንታርክቲካ ፕሮማኮክሪነስ የምትባል ላባ መሳይ እንስሳ አለች። ለረጅም ዘመን አንድ ዝርያ ናት ተብላ ኖረች። ዲኤንኤው ሲታይ ብዙ ሆና ተገኘች። ከዚያ ሰዎቹ ወደ ብልቃጦቹ ተመልሰው ቅርጿን እንደገና አዩ። በ2023 ከተሰየሙት አንዷ 20 ክንዶች አሏት፤ የገላዋ ግርጌ እንጆሪ ስለሚመስል ስሟም ከእንጆሪ ወጣ። ዲኤንኤ «እዚህ ጋ ልዩነት አለ» ይልሃል። ስም የሚወጣው ግን ሙዚየም ውስጥ በተቀመጠ አንድ አካል ላይ ነው። ሆሎታይፕ ይባላል። የስሙ ባለቤት እሱ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠይቁ፣ ናሙናው የት አለ?

ጥያቄ፦ ትልቁ ስኩዊድ ስንት ሜትር ነው?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም።

ጥያቄ፦ የአንታርክቲካ እንስሳት ለምን ግዙፍ ይሆናሉ?

መልስ፦ ሁሉም አይደሉም። ግን የባሕር ሸረሪቶች አሉ፣ እግራቸው ሲዘረጋ እስከ 70 ሳንቲሜትር የሚደርስ። አንዱ ማብራሪያ ኦክስጅን ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ በብርድ ደግሞ የሰውነት ፍጆታ ይቀንሳል። ክርክሩ አላለቀም።

ጥያቄ፦ የኛው ቀይ ባሕርስ? እዚያ ጥልቅ ውስጥ ምን አለ?

መልስ፦ ይሄን እወደዋለሁ። ቀይ ባሕር ጥልቅ ነው፣ ቀዝቃዛ ግን አይደለም። ሌላ ውቅያኖስ 2,000 ሜትር ላይ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው፤ እዚህ የኖርዌይ ባሕር ሥር ጭራሽ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቀይ ባሕር ግን እስከ ወለሉ 21 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ምክንያቱ በሩ ነው። በባብ ኤል መንደብ በኩል ያለው ደፍ 137 ሜትር ብቻ ጥልቀት አለው፤ የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ ውኃ ደፉን አልፎ አይገባም። ስለዚህ የብርዱ እንስሳ እዚያ የለም። ስም አወጣጡንም ካነሳን፣ የእንስሳትና የዕፅዋትን የስም አወጣጥ ደንብ ያበጀው የሊኒየስ ተማሪ የነበረው ፎርስኮል የቀይ ባሕርን እንስሳት ሰብስቦ በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ጽሑፉን ከጓዶቹ በሕይወት የተረፈው ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ዛሬም ብዙ የቀይ ባሕር እንስሳት ስም ጎን የሱ ስም ይጻፋል።

ሌላ አባል፦ «የኛው» ስትል ግን ወደብ የለንም እኮ።

ሌላ አባል፦ ማነው የሸጠው?

ሌላ አባል፦ ታሪክ አንብብ መጀመሪያ!

መልስ፦ ወደቡን ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ተከራከሩ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ አንድ እንስሳ ተገኝቶ ስም እስኪያገኝ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ በ2012 የወጣ ጥናት ለሁሉም ዓይነት ሕያዋን በአማካይ 21 ዓመት ይላል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2001 ከሕንድ ውቅያኖስ ሥር፣ ከሙቅ ፍልውኃ አጠገብ፣ እግሩ በቅርፊት የተሸፈነ ቀንድ አውጣ ተገኘ። ቅርፊቱ ላይ ብረት አለ፣ ብረት! ስሙ በደንቡ የወጣው በ2015 ነው። በ2019 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች መዝገብ ገባ። ምክንያቱ የጥልቅ ባሕር ማዕድን ቁፋሮ ነው። ለምን ይዘገያል? አንድ ነገር አዲስ ነው ለማለት የድሮዎቹን ሆሎታይፖች ማየት አለብህ፤ አንዱ ለንደን፣ አንዱ ኮፐንሃገን ነው። ባለሙያውም ጥቂት ነው፣ ጡረታ ይወጣል፣ ተተኪ የለም።

ሌላ አባል፦ ቅርፊት አለው ካልሽ በኦሪት ሕግ ይበላል ማለት ነው?

ሌላ አባል፦ ክንፍና ቅርፊት ነው የሚለው። ክንፍ አለው?

ሌላ አባል፦ ዓሣ ራሱ በጾም ይበላል አይበላም ሳይለይ ቀንድ አውጣ ላይ ደረሳችሁ?

ሌላ አባል፦ ዓሣማ የታወቀ ነው፣ አይበላም።

ሌላ አባል፦ ማን አለህ?

መልስ፦ ክንፍ የለውም። ተዘጋ።

ጥያቄ፦ ስለ ባሕር እንስሳት ማጥናት እፈልጋለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ የትኛውን እንስሳ? የት ሆነህ? «የባሕር እንስሳት» ማለት «ሰው» እንደማለት ነው። አንዱን መርጠህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ይሄ ምንድን ነው? (ያው ፎቶ፣ ያው ሳህን)

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ጅዳ ነው ያለሁት። ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ እሠራለሁ። ከትናንት ወዲያ መረቡ 40 ሜትር ላይ አንድ ነገር ይዞ መጣ፣ እንደ ወፍራም ትል ነው። ጥልቅ አይደለም አውቃለሁ። አልኮል አድርጌበት ቦታውን፣ ቀኑን፣ ጥልቀቱን በእርሳስ ጽፌ ውስጡ አስገብቻለሁ። ይጠቅማል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬ ካየሁት ሁሉ በላጭ አንተ ነህ። ጥልቅ አለመሆኑን ተወው። ብልቃጡን ጥላ ቦታ አስቀምጥ፣ ክዳኑን ግጠም። አልኮሉን ነገ በአዲስ ቀይረው፤ ከእንስሳው የወጣው ውኃ አቅጥኖታል። አሁን ንገረኝ፣ ቆዳው በጣት ሲዳሰስ ሸካራ ነው ወይስ ልስልስ? አፉ ዙሪያ ያሉት ክሮች ስንት ናቸው? ቁጠርልኝ።