ሺሻ ያለበት ምግብ ቤት ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እትዬ። በሰሜን ቨርጂኒያ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። ባልደረባችን ወደ ሌላ ከተማ ስለምትዛወር የስንብት እራት ለታኅሣሥ 10 በአንድ የሊባኖስ ምግብ ቤት ተይዟል። ቤቱ ከመመገቢያው ቀጥሎ የሺሻ ክፍል አለው፤ ከእራት በኋላ ሁሉም ወደዚያ ይገባሉ ተብሏል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «የሁለት ልጆች እናት ሺሻ ቤት ምን ትሠራለች?» ብሎ ተቆጣ። እኔ ደግሞ ጾመ ነቢያት ላይ ነኝ። ብቀር ልጅቷን አስቀይማለሁ፤ ብሄድስ ምን እበላለሁ? «ውኃው ስለሚያጣራው እንደ ሲጋራ አይጎዳም» የሚሉኝስ እውነት ነው?
ግራ የገባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ። ተቀመጪ፣ ብዪ፣ ልጅቷን ስመሽ ሸኚ። የሺሻው ክፍል ግን ይቅርብሽ፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ባለቤትሽ የተቆጣው በስሙ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው «ሺሻ ቤት» ሲባል በዓይኑ የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ የተጋረደበት ክፍል፣ የጫት ገረባ፣ ፖሊስ ሰብስቦ የሚያቃጥለው ዕቃ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅም ሺሻን ከልክሎታል። ቢደነግጥ አልፈርድበትም። በቨርጂኒያ ግን እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2009 ጀምሮ ቤት ውስጥ ማጨስ የሚፈቅድ ምግብ ቤት የማጨሻውን ክፍል ለይቶ የራሱን አየር ማስወጫ እንዲያበጅለት ሕግ ያስገድደዋል። በመመገቢያው በኩል ሕፃናት ፈላፍል ጨብጠው ሲሯሯጡ ታያለሽ። ይህን ንገሪው። ካላመነሽ ሌላ ቀን ይዘሽው ሄደሽ ምሳ ጋብዢው፤ የነጭ ሽንኩርቱን ማባያ አንዴ ከቀመሰ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ይሆናል።

ወደ ጾሙ ልምጣ። እኔ ይህን ምግብ የማውቀው ተጋብዤ ሳይሆን ሠርቼ ነው። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ሰባት ዓመት ቤይሩት በሰው ቤት ነበርኩ። ማዳም ክርስቲያን ስለነበረች በእነርሱ ጾም ወራት «ሲያሚ» እንሠራ ነበር፤ የጾም ምግብ ማለት ነው። ሥጋ የሌለበትን የወይን ቅጠል ጥቅልል ደግሞ «ቢ ዘይት» ይሉታል። በዘይት! ከአረብኛ አንድ ቃል በማላውቅበት በመጀመሪያው ሳምንት ሳይተረጎምልኝ የገባኝ እርሱ ብቻ ነበር፤ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ስለዚህ አስተናጋጁ ሊባኖሳዊ ከሆነ «ሲያሚ» በይው። ካልገባው ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ብለሽ ዘርዝሪለት።

ገበታው እንደኛው የጋራ ነው፤ በትናንሽ ሳህን የሚቀርበውን በቂጣ እየቆረሱ መብላት ነው። ሌሎቹ ሥጋ እንዳለ ስለሚያውቁ ሆዳቸውን ይቆጥባሉ፤ ላንቺ ግን እራቱ ያው ነውና አትቆጥቢ። ሁሙስ ሽምብራና የተፈጨ ሰሊጥ ነው። ሙጀደራ የሚሉት ምስርና ሩዝ፣ እስኪጠቁር የተጠበሰ ሽንኩርት ሲበተንበት ለእኔ ከጥብሳቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ታቡሌውን ስታዪ ፐርሰሜሎው ከስንዴው በልጦ አረንጓዴ ካልሆነ ሰነፍ ሠርቶታል ማለት ነው። ማዳም ፐርሰሜሎውን ደግሜ ስከትፍ ካየችኝ ቢላውን ትቀማኝ ነበር። በተሳለ ቢላ አንድ ጊዜ ብቻ ካልተቆረጠ ይጠቁራል፣ ውኃ ይተፋል።

የሚያሳስቱም አሉ። ላብነህ አይብ የሚመስል የተጠለለ እርጎ ነው። የምስር ሾርባውን በዶሮ መረቅ፣ ሩዙን በቅቤ የሚሠሩ ቤቶች ስላሉ ጠይቂ። የደበርጃኑ ማባያም አንዳንዱ ጋ እርጎ ይገባበታል። ከጾሙ በኋላ ብትመለሺ ደግሞ ብዙዎቹ ቤቶች ሥጋቸው ሐላል መሆኑን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ይህ የሚከብዳቸው ወገኖች እንዳሉን አውቃለሁ።

አሁን ሺሻው። በቤይሩት አርጊሌ ይሉታል። ማታ የቤቱ ጌታና ወንድሞቹ በረንዳ ላይ ተቀምጠው «ናራ!» ብለው ይጠሩኛል፤ ፍም አምጪ ነው። የሸክላውን አናት በጣፋጭ የታሸ ትምባሆ የምሞላው፣ ፎይል ሸፍኜ በመርፌ የምበሳው፣ ከሰሉን የማቀጣጥለው እኔ ነበርኩ። ጠዋት የጠርሙሱን ውኃ የምደፋውም እኔው። ያ ውኃ ደፍርሶ ይሸታል፤ ሰው ያንን አይቶ «ቆሻሻው እዚያ ቀረ» ይላል። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጠራውም፤ ስለሚቀዘቅዝም ሰው ጠለቅ አድርጎ ይስበዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው አንድ ሲጋራ 20 ጊዜ ያህል ሲሳብ የአንድ ሰዓት ሺሻ 200 ጊዜ ያህል ይሳባል። «ትምባሆ የሌለበት ነው» ቢሉሽም ከሰሉ ያው ከሰል ነው።

እኛ አገር በብርድ ሌሊት ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ ስለተኛ ሰው ሳይሰማ ያደገ የለም። እዚህም ያለው ያው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አንድ ክረምት በረንዳው ሲበርዳቸው ሳሎን ገቡ፤ መስኮቱ ተዘጋ። ቱቦውን አንድም ጊዜ አፌ ላይ ሳላደርግ፣ ሦስተኛውን ዙር ፍም አድርሼ ስመለስ ራሴን ፈለጠኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ማዳም «ስኳርሽ ወርዶ ነው» ብላ ኮካ ኮላ ሰጠችኝ። ስኳር አልነበረም፤ ወደ በረንዳው ወጥቼ ሩብ ሰዓት እንደተነፈስኩ ተሻለኝ።

ስለዚህ ሌሎቹ ወደዚያ ክፍል ሲነሡ አንቺ ኮትሽን አንሺ። እዚያው ገበታው ላይ ቱቦ ቢዘረጋልሽም ቀኝ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ «ሹክራን» በይ። በሊባኖሶች ዘንድ ይህ ሙሉ መልስ ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ ጉርሻው አስቀድሞ ተደምሮ እንደሆነ እዪ፤ ለብዙ ሰው ገበታ 18 ወይም 20 በመቶ ራሳቸው የሚጨምሩ አሉ፣ ሳታዪ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍዪ።

ቡናውን ሳትጠጪ እንዳትወጪ። በሄል የተፈላ ስለሆነና አተላው ሲኒው ውስጥ ስለሚቀር እስከ መጨረሻው አትጨልጪው። አስተናጋጇ ሲኒሽን ገልብጣ «ዕድልሽን ላንብብልሽ» ብትልሽ ግን ለባለቤትሽ ስለ ሙጀደራው ብቻ ንገሪው።