ለኑዛዜ አስፈጻሚ የሚከፈለው ገንዘብ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው የካ አባዶ ነው። አባታችን በኑዛዜያቸው የእድራችንን ሰብሳቢ አስፈጻሚ አድርገዋቸው ነበር። ሰውዬው ባንክና ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ከረሙ። እኛም ገንዘብ ሰጠናቸውና ቃለ ጉባኤው ላይ ‹ከውርሱ ድርሻቸውን ከፍለን ሰጥተናቸዋል› ብለን ጻፍን። እህቴ ‹ድርሻ አይባልም፣ ደመወዝ በሉት› አለች። ልክ ናት?»

መልስ፦ እህትዎ «ድርሻ» ይውጣ ማለታቸው ልክ ነው፤ እንዲያውም ዛሬ ነገ ሳትሉ አስተካክሉት።

ውርስ ሲነሳ «ድርሻ» የወራሽ ቃል ነው። «ከፍለን» ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። «ከፈለ» ዕዳ ሲሆን መስጠት ነው፣ ንብረት ሲሆን ማካፈል ነው። «ከውርሱ ድርሻቸውን ከፍለን» የሚለውን ነገ ልጆቻችሁ ቢያነቡት፣ ሰውዬው አብረዋችሁ የወረሱ ይመስላቸዋል። በመሬትና በቤት የተነሳ ወንድማማች በሚካሰስበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ደመወዝ» ግን አይሆንም። ደመወዝ ለተቀጠረ ሰው በየወሩ የሚከፈል ነው። «ኮሚሽን» የደላላ ነው። «ጉርሻ» ማለትማ ለደከሙላችሁ ሰው ነውር ነው።

እኔ «የድካም ዋጋ» እላለሁ። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ከሆነ «የአገልግሎት ክፍያ» ይሻላል።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው «ውርስ አጣሪ» ይለዋል። የሠራው ሥራ የሚገባው ከሆነ ዋጋ እንዲያገኝም ይፈቅዳል። ውርሱን የማጣራት ወጪ ከቀብር ወጪ ቀጥሎ፣ ከሟቹ ዕዳ ቀድሞ ይከፈላል። ወራሾች የሚካፈሉት ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው። ታዲያ የአጣሪው ገንዘብ እንዴት «ድርሻ» ይባላል?

ለታክሲና ለፎቶ ኮፒ ከኪሳቸው ያወጡት ካለ ደግሞ እሱ «ወጪ» ነው። ከድካም ዋጋው ጋር አትቀላቅሉት፤ ለብቻው ይጻፍ።

ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አድርጉት፦ «ኑዛዜውን ላስፈጸሙልን ለአቶ እገሌ፣ ስለ ድካማቸው ይህን ያህል ብር፣ ላወጡት ወጪ ደግሞ ይህን ያህል ብር ከፍለናል።» እዚህ ላይ «ከፈለ» አያሻማም፤ የተከፈለው ብሩ ነው፣ ውርሱ አይደለም። አዲሱን ቃለ ጉባኤ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙበት፤ እህትዎም ጭምር።